በአንድ ጠርሙስ ውሃ የተገኘው እምቦጭ

አባቴ ሥራዬን ለጎረቤቶቹ ሲያስረዳ «ልጄ ውሃ ትመረምራለች» ይላል። ውሸት አይደለም። እነሱ ግን የቧንቧ ውሃ እየመሰላቸው ኔታንያ ባለው የወላጆቼ ሰፈር፣ ኪርያት ኖርዳው፣ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ለመሆኑ ይጠጣል?» ይሉኛል። «ይጠጣል፣ ይጠጣል» ብዬ አልፋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። የምሠራው በአንዲት ትንሽ ማዕባዳ፣ ማለትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከወንዝና ከኩሬ ውሃ ቀድቼ፣ ውስጡ ምን እንደሚኖር ከውሃው አጣራለሁ። መረብ አልጥልም፤ ቅጠልም አልለቅምም። ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ሁሉ ከራሱ ጥቂት ይጥላል፤ ዓሣው ልጋጉን፣ እንቁራሪቷ ቆዳዋን፣ ተክሉም ከሥሩ የበሰበሰችውን ቁራጭ። በእያንዳንዷ ብናኝ ውስጥ የባለቤቷ ዲኤንኤ አለ፤ ከዘር የተወረሰ፣ ከሌላው የሚለይ ምልክት። ውሃውን በስስ ማጣሪያ እናሳልፈዋለን፤ ማጣሪያው ላይ ከቀረው ዝቃጭ ዲኤንኤውን አውጥተን ማሽን ውስጥ እንከተዋለን። ማሽኑ የምንፈልገውን ምልክት ካገኘ እሱን ብቻ ነጥሎ እልፍ አድርጎ ያባዛዋል። ያኔ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ቀና ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ምልክቱ ከሌለ መስመሩ እንደተኛ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። መስመር ቀና ሲል ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው መጤ አረሞችን ነው፤ ከሌላ አገር መጥተው ወንዙን የሚያንቁትን። ከነሱ ሁሉ የሚያስፈራኝ እምቦጭ ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአባቴ ስልክ ነው። አባቴ የደንቢያ ሰው ነው፤ ከጣና ዳር። በፈረንጆች 1991፣ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አይሁድ በመሆናችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ይዘውን መጡ። አብሮ አደግ ጓደኛው ግን ክርስቲያን ገበሬ ነውና እዚያው ሐይቁ ዳር ቀረ። ስልክ ለሁሉም ሲደርስ ተፈላልገው ተገናኙ፤ አሁን በየሳምንቱ ያወራሉ። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ጓደኛው ቪዲዮ ላከለት። ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረንጓዴ አረም በእጃቸው ይጎትታሉ። ከኋላቸው ሐይቅ መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ ሜዳ መስሏል።

«ይኸ እኛ ስንሄድ አልነበረም» አለ አባቴ። ስልኩን አስጠግቶ፣ አርቆ አየ። «ውሃው የት ሄደ?»

እዚህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ በጋ መጨረሻ፣ ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በፊት ነው። እዚህ አገር ዝናብ የሚመጣው ከበዓላቱ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት መሬቱ ደርቆ አመድ ይመስላል። ኤቨን የሁዳ በምትባለው የጎረቤት ከተማ ዳር አንድ አቮካዶ የሚያለማ ገበሬ የመስኖ ኩሬ አለው። በክረምት ኩሬው ሲሞላ፣ የተረፈው ውሃ በቦይ ወርዶ ከኔታንያ በስተደቡብ ወደ ባሕር ከሚገባው ወንዝ ይቀላቀላል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ከኩሬው ናሙና እንወስዳለን። እኔም እንደ ልማዴ ጓንቴን አድርጌ ጠርሙሶቼን ሞላሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ጥቂት ተርብ ይበርራል፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ከኩሬው ናሙናዎች የአንዱ የእምቦጭ መስመር ቀና አለ።

መጀመሪያ የሌላ ቦታ ናሙና ያየሁ መስሎኝ ቁጥሩን ሁለት ሦስቴ አመሳከርኩ። የራሱ የኩሬው ነው። አለቃዬን ጠራኋት። እሷ በነገር የማትቸኩል፣ ጥርጣሬን እንደ መነጽር አድርጋ የምትዞር ሴት ናት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ «ኩሬው ላይ ተክሉን አይተሻል?» አለችኝ።

«አላየሁም። አንድም።»

«እኛ ግን እዚህ አለን» አለች ወደ መደርደሪያው እያመለከተች። ማሽኑ በትክክል መሥራቱን የምንፈትንበት የደረቀ የእምቦጭ ቅጠል እዚያ ተቀምጧል። «ከዚህ ቅጠል አንዲት ብናኝ ጓንትሽ ላይ ከነበረች፣ ያገኘሽው የኩሬውን ሳይሆን የመደርደሪያውን እምቦጭ ነው።»

ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ ናሙና አቆሽሼ አላውቅም። ቢሆንም የተናገረችው ልክ ነበር። ይህ ሥራ አንዲትን ብናኝ ከኩሬ ሙሉ ውሃ ውስጥ ማግኘት ከቻለ፣ ያቺኑ ብናኝ ከእኔ እጅጌ ላይ ማግኘትም ይችላል።

እንደገና ጀመርኩ። አዲስ ጠርሙስ፣ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ማጣሪያ። ልብሴን እንኳ ከቤት ታጥቦ የተቀመጠውን ለብሼ፣ ማዕባዳውን ሳልረግጥ ከምኖርበት ሰፈር ከሺኩን ቫቲኪም ቀጥታ ወደ ኩሬው ሄድኩ። ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ ያለባቸው ጠርሙሶችም ይዤ ሄድኩ፤ ኩሬው አጠገብ ከፍቼ ዘጋኋቸው። ቆሻሻው ከእኔ ከሆነ እነሱም ላይ ይታያል።

የተጣራው ውሃ መስመር እንደተኛ ቀረ። ከኩሬው ከቀዳኋቸው ውስጥ ግን ሁለቱ ዘግይተው፣ እያቅማሙ፣ ቀና አሉ።

አለቃዬ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጥቂት ነው» አለች። «በጣም ጥቂት። ግን አለ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «ዝናቡ ሳይመጣ ፈልጊው» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ያን ኩሬ ዞርኩት። ሸምበቆውን ገለጥኩ፤ በረጅም ዘንግ ጭቃውን ቆሰቆስኩ። ባለ አቮካዶው ሰውዬ ከትራክተሩ ሳይወርድ ያየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወረደና «የኔ እመቤት፣ እኔ ይህን ኩሬ ከልጆቼ ይልቅ አውቀዋለሁ። የሌለ ነገር ነው የምትፈልጊው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ውሃም ሰጠኝ። እኔ ግን እየጠጣሁ ልክ ይሆን እንዴ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል? ከስተሻል» አለች። እሷ ዘንድ ሁልጊዜ እንደከሳሁ ነው። ለአባቴ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ዘረዘርኩለት። አባቴ እዚህ አገር ዕድሜውን ያሳለፈው በብረታ ብረት ፋብሪካ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ስለ ማሽኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። አዳምጦ ሲጨርስ ያለው ይህን ብቻ ነው፦

«ውሃው ወደ ኩሬው የሚገባ ከየት ነው?»

«በቧንቧ ነው አባየ። ገበሬው በፓምፕ ነው የሚሞላው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አሁን በጋ ነው፤ ቦዩ ሁሉ ደረቅ ነው።»

«አይተሽዋል?»

ኩሬውን እንጂ ከኩሬው በላይ ያለውን ቦይ እግሬን ብዬ አልሄድኩበትም ነበር።

«አንች ልጅ፣ ውሃ ከላይ ነው የሚመጣ» አለ። «እሑድ አብሬሽ እመጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት ቆቡን አድርጎ፣ ዱላውን ይዞ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቀድሞኝ ደረሰ። ኩሬው ዘንድ ስንደርስ ውሃውን ገርመም አድርጎ አይቶ አለፈው። ቀጥታ ወደ ላይኛው ጠርዝ ወጥቶ ቦዩን ይዞ ይሄድ ጀመር። ቦዩ እንዳልኩት ደረቅ ነበር፤ ስንጥቅጥቅ ያለ ጭቃና የወደቀ ቅጠል። እሱ ግን ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም። ጥቂት እንደሄድን ዱላውን ተክሎ ቆመ።

«ይኸን ሣር ማን አጠጣው?» አለኝ።

አየሁ። በቦዩ መካከል፣ ከሁለት መዳፍ የማይሰፋ፣ እንደ መቀነት የሚጥመለመል የለመለመ ሣር። ዙሪያው ሁሉ አመድ ነው። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ሥሩ ውስጥ ስሰድ እርጥብ ነው። በዓይን የማይታይ፣ ድምፅ የሌለው ውሃ ከሣሩ ሥር ወደ ኩሬው ይንፏቀቃል። እኔ በማሽን የማገኘውን አባቴ በሣር አገኘው። የዚያን ዕለት ማን የማን ተማሪ እንደሆነ አላወቅሁም።

ሣሩን ተከትለን ወጣን። ከአቮካዶው ማሳ አልፎ፣ በአንድ የአጥር ቁጥቋጦ ሥር ገብቶ፣ ከአንድ ግቢ ከሚወጣ አሮጌ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ አበቃ። ከቧንቧው አፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አባቴ የግቢውን በር ሊያንኳኳ ሲል እጁን ያዝኩት። «አባየ፣ ቆይ። መጀመሪያ እንወቅ» አልኩት። በጥርጣሬ ብቻ ሰው በር ላይ መቆም አልፈለግሁም። ከቧንቧው አፍ፣ ከቦዩ መካከልና ከኩሬው መግቢያ ለየብቻ ናሙና ወሰድኩ። የቧንቧው ጠርሙስ እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን አየኋቸው። የኩሬው መግቢያ ዘግይቶ ተነሳ። የቦዩ ከእሱ ቀደመ። የቧንቧው ግን ማሽኑ ገና ሥራ እንደጀመረ ተስፈንጥሮ ወጣ። ምልክቱ ብዙ በሆነ ቁጥር መስመሩ ቶሎ ይነሳል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ለሌሎችም አስተምራለሁ። እንዲህ ደረጃ በደረጃ፣ ሰው በእጁ እየመራ «በዚህ ነው፣ በዚህ ግቢ» ያለኝ እስኪመስለኝ ድረስ ሲያሳየኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አለቃዬም እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ከአባቴ ጋር ተመልሰን በሩን አንኳኳን። የከፈቱልን ሰማንያን ያለፉ የሚመስሉ ሴት ናቸው፤ ነጭ ፀጉር፣ የአትክልት ጓንት። ከማዕባዳ እንደመጣን፣ ስለ ውሃ እንደሆነ በዕብራይስጥ ነገርኳቸው። «ውሃ? ግቡ፣ ግቡ፣ ኩሬዬን ላሳያችሁ» አሉን በደስታ። እንግዳ የናፈቃቸው ይመስላሉ።

ከቤቱ ጀርባ በድንጋይ የተሠራ ክብ ገንዳ አለ። ከአፍ እስከ ገደፉ እምቦጭ ሞልቶታል። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፤ ከመካከሉ ሐምራዊ አበባ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በላይኛው ቅጠሉ ላይ እንደ ዓይን ያለች ቢጫ ነጠብጣብ። ከዚያ በፊት በሕይወት ያለ እምቦጭ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያምራል ብዬም አልገመትኩም። ይህን ሁሉ ቅጠል፣ ይህን ሁሉ አበባ፣ ከዚህ ርቆ ባለ ኩሬ፣ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ፣ ሳላየው አግኝቼው ነበር።

«ባለቤቴ ነው ገንዳውን የሠራው» አሉ ሴትዮዋ። «አበባውን ጎረቤት ሰጠችን፤ ሁለት ሥር ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እኔ ነኝ የምንከባከበው። ታምራለች፣ አይደል?»

«ታምራለች» አልኩ። አባቴ ግን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። ዕብራይስጡ የተሰባበረ ነው። «ጌቨርት» አላቸው፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ «ይህ የእኔ አገር። ይህ ሐይቅ ነበር።» ቪዲዮውን ከፈተላቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ሰዎቹ ሲጎትቱ፣ አረሙ ሲቆለል ተመለከቱ። እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ እንደገና እንዲከፍትላቸው ለመኑት።

«ይህች ናት?» አሉ በጣታቸው ገንዳውን እያሳዩ።

«ናት» አላቸው አባቴ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ጓደኛው ዘንድ በቪዲዮ ደወለ። እዚያ ማዶ ንፋስና የከብት ድምፅ ይሰማል። አባቴ ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረ።

«እይማ፣ ምን ታያለህ?»

«ኧረ እሷው ናት! እናንተም ዘንድ ገባች?» አለ ጓደኛው።

«ከአንድ ግቢ ነው ያለች፤ አልወጣችም። ልጄ ናት ያገኘቻት። ገና ሳትታይ፣ ከሩቅ ኩሬ ውሃ ቀድታ፣ ከውሃው ውስጥ።»

«ሳትታይ?»

«ሳትታይ።»

ጓደኛው ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ።

«የኛዋም አንድ ቀን ሁለት ሥር ብቻ ነበረች ማለት ነው» አለ። «እኔ ባጠገቧ በታንኳ ሳልፍ ኖሬ ይሆናል። ማን ነገረኝ! አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በጥርሴም ቢሆን እነቅላት ነበር።» ከዚያ፦ «ልጅህን ስጠኝ» አለ።

ስልኩን ተቀበልኩ። ፊቱ ፀሐይ የጠገበ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሽማግሌ ነው። «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ሥሯን እንዳትተዊ፤ አንዲትም እንዳትተዊ» አለኝ። «እሺ አባባ» አልኩት።

ሴትዮዋ አማርኛ አያውቁም፤ ግን ስልኩን ዘግቼ ስዞር ጓንታቸውን መልሰው አድርገዋል። «ከየት ልጀምር?» አሉ። ማንም ሳያዛቸው የመጀመሪያውን ሥር ራሳቸው ነቀሉ። አበባዋን ለአፍታ ይዘው ቆዩና እኔ በያዝኩት ከረጢት ውስጥ ጨመሯት። «ባለቤቴም ቢያይ ይህንኑ ያደርግ ነበር» አሉ፤ ለእኛ ይሁን ለእሱ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ሥራው ተሠራ። የማዕባዳው ሰዎች መጡ፤ ተክሉ በድርብ ከረጢት ታስሮ እንዲቃጠል ተላከ፤ ገንዳው ተሟጠጠ፤ ከገንዳው የሚወጣው ቧንቧ ተደፈነ። ጭቃውንም ከነፍሬው ጠርገን ወሰድን። የእምቦጭ ፍሬ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መነሳት ስለሚችል፣ አለቃዬ «ጨርሰናል የሚል ሰው እንዳላይ» አለች። ባለ አቮካዶው ሰውዬም ሲሰማ መጣና ገንዳውን፣ ቧንቧውን፣ ቦዩን በዓይኑ ለካ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ አናቱን አከከ። በማግስቱ በአውቶቡስ ተሸክሜ ለመሄድ የተቸገርኩበትን አንድ ካርቶን አቮካዶ ሰጠኝ።

ዝናቡ የዚያን ዓመት ከበዓላቱ በኋላ በአንድ ጊዜ ወረደ። ቦዩ ተሞልቶ ደፈረሰ፤ ወንዙም የቡና መልክ ይዞ ወደ ባሕር ጎረፈ። ጫማዬ ጭቃ እየዋጠው ከኩሬውም፣ ከቦዩም፣ ከወንዙም ቀዳሁ። ውጤቱ በሚወጣበት ቀን አባቴ ማዕባዳውን ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ነጭ ካባ አለበስኩት፤ ማሽኑ ፊት ወንበር ሰጠሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይነቃነቅ ስክሪኑን አየ። የመፈተኛው ቅጠል መስመር ሲነሳ «ያቺ ናት?» አለኝ። «የመደርደሪያዋ ናት አባየ» አልኩት። የኩሬው፣ የቦዩና የወንዙ መስመሮች እስከ መጨረሻው አልተነሱም።

አለቃዬ ያን ጊዜ ከሌላው ጠረጴዛ ተነስታ መጣች። የወንዙን ናሙና ለሌላ ሥራ ስትጠቀምበት ነበር፤ ውስጡ ምን ምን ዓሣ እንዳለ ለማየት። የዝርዝሩን ወረቀት ለአባቴ ልታሳየው ፈለገች፤ ማንበብ እንደማይችል ስላላወቀች በእጁ ሰጠችው። እኔ አነበብኩለት። አንዱ ዘንድ ስደርስ ቆምኩ፤ የዕብራይስጡን ስም በአማርኛ እንዴት እንደሚሉት አስቤ አላውቅም ነበር። ሥዕሉን በስልኬ ከፍቼ አሳየሁት፦ ሰፊ ራስ፣ ረጃጅም ጢም፣ ቅርፊት የሌለው ጥቁር ገላ።

«አምባዛ!» አለ አባቴ ከወንበሩ እየተነሳ። «ይኸማ አምባዛ ነው፤ የጣናው!»

«እዚህም አለ አባየ። የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አላመጣውም። የአንድ ዘር ናቸው።»

«ከዚህ ወንዝ?»

«አውቶቡሳችን በየቀኑ በላዩ ከሚያልፈው።»

ሥዕሉን እንደገና አየ። «እኛ እኮ አንበላውም፤ ቅርፊት የለውም» አለ እንደ መሳቅ ብሎ። «ግን ስንቱን ሌሊት ውሃው ዳር ሲንቦጫረቅ ሰምቸዋለሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ከኔ ጋር እዚህ ነበር?»

ከማዕባዳው ስንወጣ ቤት አልሄድንም። አውቶቡሱ በሚያልፍበት የወንዙ ድልድይ ዘንድ ወርደን፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ኮቴን አንጥፌለት፣ የደፈረሰውን ውሃ ስንመለከት ቆየን። አንድም ዓሣ አልታየንም። አባቴ ግን ዓይኑን ከውሃው አልነቀለም፤ ብርድ ይሆንብሃል እንሂድ ስለው «ትንሽ ቆዪ» ይለኝ ነበር።